በቀን አንድ ቃል

የካቲት 23 ቀን 1958 ዓ.ም. ዳባት

ደረስኩ። ከጎንደር በጭነት መኪና መጣሁ፣ ከሹፌሩ አጠገብ፣ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አቅፌ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ ጉም ገጠመንና መንገዱም ማሳውም ጠፋ። ሹፌሩ መብራት አብርቶ እንደ እግረኛ ቀስ እያለ ነዳ። ከጉሙ ውስጥ አንዲት በቅሎ ብቅ ትልና ትጠፋለች። አንድ ጃንጥላ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል፤ እሱም ይጠፋል። ብርዱ ባይኖር ኖሮ በሕልሜ ነው የምሄደው ብዬ አምን ነበር።

ዩኒቨርሲቲውን ባለፈው ሐምሌ ጨረስኩ። ውጭ አገር የመማር ዕድል ጠይቄ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጬ በየሳምንቱ ፖስታ ቤት ስመላለስ እናቴ በእኔ ሰለቸች። ዳባት ያስተምር የነበረው አሜሪካዊ ጉበቱን ታሞ ስለሄደ እስከ ሰኔ ስምንተኛ ክፍልን እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ይፈለጋል ሲባል እጄን አወጣሁ። አራት ወር ነው። ለጓደኞቼ "ለባሕር ማዶው መለማመጃ ይሆነኛል" ብዬ ቀልጄ ነበር። ቀልድ አልሆነም፤ እዚህ አማርኛዬ ራሱ ሰው ያስቃል።

ዳይሬክተሩ አቶ አላምረው ቤት ያገኙልኝ ከየኔታ ተክለ ጊዮርጊስ ግቢ ነው። የኔታ የማርያም ደብር ቄስና የንባብ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ወለተሩፋኤል ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ "ምነው እንዲህ ከሳሽ ልጄ? አዲስ አበባ እህል የለም?" አሉኝ።


የካቲት 28

አርባ አንድ ተማሪ። ግማሾቹ በቁመት ይበልጡኛል። የዛሬው ምንባብ ስለ መርከብ ነበር። ከኋላ ያለ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ባሕር ከጣና ይበልጣል?"

"ይበልጣል።"

"ማዶው ይታያል?"

"አይታይም።"

በመስኮቱ በኩል ጉሙ ሜዳውን ሞልቶት የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብሏል። "እንደዚያ ነው" ብዬ ጠቆምኩ። ሁሉም ዞረው ለረጅም ጊዜ አዩ፤ አንዷማ አፏን ከፍታ ቀረች።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን አልነገርኳቸውም። እንዴት እንደቀለለኝ ገረመኝ።


መጋቢት 6

ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ወለተሩፋኤል ደጃፍ ላይ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንዝርቱ ሲሽከረከር እያየሁ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ስለ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ። አንድ ልጅ ነው ያላቸው። አለነ ይባላል። ዲያቆን ነበር። "ድምፁ ሸጋ ነበር፤ እሱ ሲያዜም ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ አይወጣም ነበር" አሉ።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት እገባለሁ፣ እንግሊዝኛ እማራለሁ ሲል አባቱ ከለከሉት። አንድ ጠዋት አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኘ። አሥመራ ነው ተባለ። ከዚያ ምጽዋ። ከዚያ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ ይልካል፣ በአማርኛ፣ ለእናቱ።

"ለአባቱስ?"

"ለእኔ ይጽፋል። የኔታ ያነቡልኛል" አሉና ክሩን ጠመጠሙ። "እንግዲህ በዚያ በኩል ነው የሚነጋገሩት።"

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ስለዚህ ሰው ሳስብ ዋልኩ። አንድ ዲያቆን በመርከብ ጫፍ ላይ ቆሞ። መርከቡ ደግሞ የሚሄደው በእኛ በዳባት ጉም ላይ ነው።


መጋቢት 9፣ አርብ

አቶ አላምረው ከጎንደር ሲመለሱ ለየኔታ የመጣ ደብዳቤ ይዘው ደረሱ። የንግሥት ምስል ያለበት ቴምብር። አድራሻው በታይፕ የተጻፈ፣ በእንግሊዝኛ። አቶ አላምረው አጥር በሩ ላይ ሰጥተውኝ ሄዱ።

የኔታ መደብ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ወለተሩፋኤል ሊጥ በያዘው እጃቸው ምሰሶውን ተደግፈው ቆሙ። ከፈትኩት። አንድ ገጽ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ።

"ምን ይላል?" አሉ የኔታ።

"ደህና ነው ይላል።"

ይህን አልኩ። ካልኩ በኋላ ሌላው ራሱ መጣ። ከመርከብ ወርዶ በየብስ ሥራ ይዟል። ሥራ ስለበዛበት በሚያውቃት ሴት አጽፎ ነው። ሁላችሁንም ይናፍቃል። ለጥምቀት ይመጣል።

እትዬ ወለተሩፋኤል በጾሙ እልል አሉ። ጎረቤት ሁሉ መጣ። የኔታ ደብዳቤውን ከእጄ ወሰዱ፤ አጣጥፈው መጽሐፋቸው ማኅደር ውስጥ ከተቱት።

ጥምቀት የሚለው ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም።


መጋቢት 10

ራሴን አሞኛል ብዬ ከክፍሌ አልወጣሁም። በር ላይ የተልባ ውኃ ተቀምጦልኝ አገኘሁ።


መጋቢት 12

ለአቶ አላምረው ነገርኳቸው። እዚህ ደብተር ላይ ግን እስካሁን አልጻፍኩትም። ልጻፈው። አለነ የካቲት 14 ቀን፣ ካርዲፍ በምትባል የእንግሊዝ ወደብ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሞቷል። የጻፈችው ያስታመመችው ነርስ ናት።

አቶ አላምረው ኮፍያቸውን አወለቁ። "በጾሙ መሐል ካህን አይረዳም" አሉ። "ሕማማቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ፋሲካ ይለፍና ሽማግሌ ይዘን በወጉ እናረዳለን። እስከዚያ አንቺ ዝም በይ።"

"ዝም አላልኩም እኮ። ደህና ነው ብያለሁ። ይመጣል ብያለሁ።"

"እሱን ምን አስባለሽ?"

መልሱን አሁን ነው ያገኘሁት። መርዶ ሰው አሰባስቦ፣ ዘመድ አስከትሎ፣ ማለዳ ነው የሚነገረው፤ አንዲት እንግዳ ልጅ ከወረቀት ላይ የምታነበው ነገር አይደለም። ስለዚህ ያደረግሁት ማዘግየት ብቻ ነው። ሌላ አይደለም። ማዘግየት ብቻ።

ደጋግሜ ስጽፈው እውነት እየመሰለኝ መጣ።


መጋቢት 15

ዛሬ የኔታ ክፍሌ ደጃፍ ላይ ቆመው አስፈቀዱ። እጃቸው ላይ የብርዕ መቃና የቀለም ቀንድ።

"እንግሊዝኛ አስተምሪኝ።"

"እኔ? እርስዎን?"

"ልጄ ለጥምቀት ይመጣል አላልሽም? እሱ የሚያውቀውን ትንሽ ባውቅ ምን ይለኛል።"

እኔን አልጋው ላይ አስቀምጠው እሳቸው ዝቅ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ቦታ እንቀያየር ብላቸው፣ "መምህር ከፍ ይላል" ብለው እምቢ አሉ። ፊደሉ ስንት ነው ብለው ጠየቁ። ሃያ ስድስት። "ይኸው ብቻ?" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ከመምሸቱ በፊት በቃላቸው ያዙት፤ በንባብ ቤት ዜማ፣ እያንዳንዱን እየጎተቱ፣ ኤ... ቢ... ሲ... እያሉ። ድምፁ ደስ ይላል። ዐይኔን ጨፍኜ ስሰማ የማላውቀው ቋንቋ ሆነብኝ።

በአንድ ወር ማንም አዋቂ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም። ዩኒቨርሲቲ ተምረነዋል።


መጋቢት 19

የኔታ አጫጭር ቃላት ያነባሉ።

ዛሬ አባቴን አሰብኩት። እሱ ሲሞት እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበርኩ። "ትፈተንና እንነግራታለን" ተባብለው ደበቁኝ። ፈተናዬን ጨርሼ፣ እየዘለልኩ፣ ለእሱ ካልሲ ገዝቼ ገባሁ። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ጥቁር ለብሷል። አርባው አልፎ ነበር። አጎቴ "ለአንቺው ብለን ነው" አለኝ። ይህን ያለበትን አፉን እስከ ዛሬ ማየት አልወድም።

የእኔ ግን ይለያል። አጎቴ ዘመድ ነበር፤ መናገር ይችል ነበር።


መጋቢት 23

ዛሬ የአለነ አርባ ነው። የኔታ ጠዋት ለሌላ ሰው ፍትሐት አድርሰው፣ ደክሟቸው ተመለሱ። እግራቸውን ሲታጠቡ ውኃ አፈሰስኩላቸው። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ" አሉኝ።

አቶ አላምረው ቀኑን አላስታወሱም። አላስታወስኳቸውም።


መጋቢት 25፣ ሆሣዕና

የኔታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ የዘንባባ ቀለበት ሠርተው ጣቴ ላይ አጠለቁልኝ። "ዛሬ ለሁሉም ተፈታ" አሉ።

"ለሁሉም?"

"በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም። በሳምንቱ የሚሞት ቢኖር ተብሎ ለሕዝቡ ሁሉ ዛሬ አስቀድሞ ይደረጋል።"

"አስቀድሞ ለሞተስ? ሳይደረግለት ለቀረ?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ምነው ጠየቅሽ?"

"እንዲሁ ነው።"

"ለሁሉም ብያለሁ" አሉና ገቡ።

ለሁሉም ከሆነ እሱም አለበት ማለት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዛሬ ረጅም እንቅልፍ ተኛሁ። በሕልሜ ተማሪዎቼ ሁሉ ዘንባባ ይዘው ከክፍሉ መስኮት ወጥተው በጉሙ ላይ ይራመዱ ነበር፤ አንዳቸውም አልሰጠሙም።


ሚያዝያ 2፣ ፋሲካ

ቤቱ ሰው ሞልቷል። እትዬ ወለተሩፋኤል ጠላ እየቀዱ ለገባው ሁሉ፣ "የሚመጣው ፋሲካ እንዲህ አይደለም፤ አለነ ይቀድስልናል" ይላሉ። አንዱ ጎረቤት፣ አያ አድማሴ፣ "ካገባስ? ፈረንጅ ይዞ ቢመጣስ?" አላቸው። "ትምጣ። እኔ ልብስ ገዝቼ ነው የምቀበላት" አሉና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ።

የኔታ አልሳቁም። ደግሞም አልበሉም ማለት ይቻላል። የጾሙ ድካም ነው አሉ ሰዎች።


ሚያዝያ 6

አቶ አላምረውን "ፋሲካ አለፈ" አልኳቸው። የዳግማይ ትንሣኤ ይለፍ አሉኝ። ከዚያ ፈተና አለ፣ ከዚያ ጎንደር ስብሰባ። ባለቤታቸው እንኳየሁ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር መሰለኝ፤ ስወጣ "ሁለታችሁም ፈርታችኋል" አለችኝ፣ በለሆሳስ።


ሚያዝያ 8

የኔታ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ ቃል መጠየቅ ጀምረዋል። በቀን አንድ። ክታብ በምታህል ብራና ላይ ፊደሉን አንድ በአንድ ገልብጠው ይመጣሉ። ትናንት "ሰን" ነበር። ልጅ አልኳቸው። ዛሬ "ሆስፒታል"። ይህስ አማርኛም ነው ብዬ ሳቅሁ።

እንዲህ ያሉ ቃላት በየትኛውም መጽሐፍ ይገኛሉ።


ሚያዝያ 11፣ ጎንደር

ለፈተና ወረቀት መጥቼ ፖስታ ቤት ስደርስ ደብዳቤዬ መጥቷል። ካናዳ። ሁለት ዓመት፣ ሙሉ ወጪ። ነሐሴ ላይ እሄዳለሁ።

ፒያሳ ላይ አንድ ኬክ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ይህን ቀን ለሁለት ዓመት ስመኘው ነበር፤ በምኞቴ ውስጥ ሁልጊዜ እሮጥ ነበር፣ የሆነ ሰው አቅፍ ነበር። ዛሬ ግን ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሳነበው የነበረው፣ ከታች ሌላ ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ ነው። ፈረንጅ መልካም ነገር ሲጽፍና መጥፎ ሲጽፍ ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው።


ሚያዝያ 14

"ሳንግ"። ዘመረ፣ አዜመ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ከዚያ ጠቆረ። "አዜመ" ብለው ደገሙት።


ሚያዝያ 16

"ሪግሬት"። ማዘን።

ከየት እንዳገኙት አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም።


ሚያዝያ 17

ዛሬ አልመጡም።


ሚያዝያ 19

"ፒስፉሊ"። በሰላም አልኳቸው። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። እትዬ ወለተሩፋኤል ጤና አዳም አፍልተው አመጡልኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ጽዋውን እያየሁ ጠጣሁ።


ሚያዝያ 23

እንደ ተለመደው ዱካው ላይ ተቀመጡ። ብራናዋን ዘረጉልኝ። "ይህ ቃል አልገባኝም" አሉ። አየሁት።

"ቤሪ... ቤሪ ማለት የፍሬ ዓይነት ነው። እንደ እንጆሪ ያለ።"

"አይደለም ልጄ። በፊደሉ እይው" አሉና ዐይናቸውን ጨፍነው በዚያ በሚጎትቱት ዜማ አንድ በአንድ ጠሩት፤ ቢ... ዩ... አር... አይ... ኢ... ዲ።

ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። "ተቀበረ" አልኩ።

"ተቀበረ" ብለው በቀንዱ ውስጥ ብርዓቸውን ነክረው ከሥሩ ጻፉት። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቁ።

"መቼ አወቁ?"

"ያን ቀን ስታነቢ ዐይንሽ ከመስመሩ ጋር አይሄድም ነበር። እኔ አርባ ዓመት ልጅ አስነብቤያለሁ። የሚያነበውና በቃሉ የሚለው ይለይብኛል።"

"ታዲያ ምነው ያኔውኑ ዝም አሉኝ?"

"ፈራሁ። አቶ አላምረው ዘንድ ወስጄ ባስነብበው ያው ይነግሩኝ ነበር። ማኅደሬ ውስጥ አድርጌው ቅዳሴ ገባሁ፣ ሕማማቱን ቆምሁ። አንድ ቀን ሞቷል እላለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ ልጅቱ ዐይኗ ደክሞ ይሆናል እላለሁ።" ጣታቸውን ብራናዋ ላይ አሳለፉ። "እንግሊዝኛ እንዳይማር የከለከልሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልከለክለው ኖሮ ዳባት ነበር የሚኖር። ቢያንስ መሞቱን በሰው አፍ ሳይሆን በራሴ ዐይን ላንብበው አልሁ። አንቺም ነገርሽኝ፤ በቀን አንድ ቃል።"

"አርባው አልፏል" አልኩ። ስናገር ማልቀሴን አላወቅሁም ነበር።

"አልፏል። አርባውን ወስደሽብኛል። አልወሰድሽም ብልሽ ዋሽቼ ነው።"

አልተቆጡም። አላጽናኑኝምም። ጉሙ በበሩ ገብቶ እግራችን ሥር ደረሰ። ቆይተው እንደ ሌላ ጊዜ ሁሉ በእርጋታ ተናገሩ።

"ሰማንያው ግንቦት ሦስት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አሁን የቀረው ወለተሩፋኤል ናት። ሽማግሌውን እኔ እጠራለሁ። ደብዳቤውን ግን አንቺ ነሽ የምታነቢላት። እንዳለ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።"

"አልችልም፣ የኔታ።"

"አንቺ ነሽ ደህና ነው ያልሻት። ከሌላ ሰው ብትሰማ አታምንም።"


ሚያዝያ 26

ማለዳ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሰዎቹ ግቢው ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው ነበር። አያ አድማሴ፣ አቶ አላምረው፣ እንኳየሁ፣ የደብሩ ካህናት፣ ሌሎችም። ከጉሙ የተሠሩ ይመስሉ ነበር። እትዬ ወለተሩፋኤል ለእሳት ጭራሮ ይዘው ወጡና አዩዋቸው። አንድ በአንድ አዩዋቸው። ጭራሮው ከእጃቸው ወደቀ።

"ማነው?" አሉ። "ማነው? ንገሩኝ፣ ማነው?"

የኔታ ደብዳቤውን ሰጡኝ። አነበብኩ። ዐይኔ ከመስመሩ ጋር ሄደ።

"የተከበሩ አባት፤ ልጅዎ አለነ የካቲት 14 ቀን ከሰዓት በኋላ በሰላም ማረፉን ስነግርዎ አዝናለሁ..."

ጩኸቱን መጻፍ አልችልም። እንኳየሁና ሌሎች ሴቶች ያዟቸው። የቆመው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ማቆሜን አይተው የኔታ በዚያ ሁሉ መሐል "ጨርሺው" አሉኝ። ጮኼ ጨረስኩት፣ እንዲሰማ።

"...አምስት ሳምንት እኛ ዘንድ ተኝቷል። ምሽት ላይ እኛ በማናውቀው ቋንቋ ያዜም ነበር፤ በክፍሉ የተኙት ሌሎች በሽተኞች ዝም ብለው ያደምጡት ነበር። በአንገቱ ጥቁር ክር ነበረው። ገላውን ስናጥብ ልናወልቀው ስንል እጃችንን ይዞ ከለከለን፤ እኛም ተውነው። ከክሩ ጋር ተቀበረ። የእናንተን ቄስ ብንፈልግ አላገኘንም፤ አንድ የግሪክ ቄስ መጥቶ ጸሎት አድርሶለታል። ብቻውን አልነበረም፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ስሙን በትክክል መጻፌን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እትዬ ወለተሩፋኤል ከሴቶቹ እጅ ወጥተው ወደ እኔ መጡ። ይመቱኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። የደብዳቤውን ጫፍ ያዙ።

"ክሩን ትተውለታል?"

"ትተውለታል።"

"እዚህ ላይ ተጽፏል? ከራስሽ አይደለም?"

ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አስቀመጥኩላቸው። "እዚህ ነው" አልኩ። ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ግን እዚያው ላይ ረጅም ጊዜ አቆዩት።

የደበቅሁባቸው መርዶውን ብቻ አልነበረም። ክሩንም፣ ዜማውንም፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴትም ደብቄ ነበር። መጽናኛው ሁሉ እዚያው ወረቀት ላይ ነበር፤ እኔ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሜ ጥምቀትን ፈጠርኩ።


ግንቦት 3

ሰማንያው ተደረገ። ድንኳኑ ከትምህርት ቤቱ መጣ፤ ተማሪዎቼ ውኃ ቀዱ፣ እንጨት ተሸከሙ። የኔታ ራሳቸው ፍትሐቱን መሩ። ድምፃቸው አንድ ቦታ ላይ ተሰበረ፤ ሌሎቹ ካህናት ያዙላቸውና ቀጠለ።

እትዬ ወለተሩፋኤል ከመርዶው ቀን ጀምሮ አላናገሩኝም። ዛሬ ሰው ሲበተን፣ ዕቃ ሳጥብ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ጥቁር ልብሳቸው ውስጥ ትንሽ ሆነዋል።

"ወር ተኩል አስደስተሽኛል" አሉኝ። "ሳልተኛ ሰርግ ስደግስ ነበር። የልጅ ልጅ ስም ሳወጣ ነበር። ያን ደስታ አሁን ምን ላድርገው?"

"አላውቅም፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

"አትወቂ" አሉ። የታጠበውን ሳህን ከእጄ ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ አደረቁት። ከዚያ ሌላውን። ይቅር ብያለሁ አላሉም። ዕቃው እስኪያልቅ ግን አብረውኝ ቆዩ።


ግንቦት 12

ዝናብ ጀምሯል። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀረው፤ ተማሪዎቹ በየዛፉ ሥር ጮክ ብለው ያጠናሉ።

ከሰዓት በኋላ የኔታ መጡ። ለነርሷ መልስ መስጠት ይፈልጋሉ። እርስዎ በአማርኛ ይንገሩኝና እኔ ልጻፍ አልኳቸው። "ጽፌዋለሁ" አሉና ከጋቢያቸው ውስጥ አንድ ወረቀት አወጡ። ስድስት መስመር፣ በእንግሊዝኛ። ፊደሎቹ እንደ ግዕዝ ፊደል ወፍራምና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ቆሟል። ለስድስት መስመር ዐሥር ቀን ፈጅቶባቸዋል።

የተማሪ ደብተር የማርምበትን ቀይ እርሳስ ይዤ ነበር። እንዲህ ይላል፦ እኔ አባቱ ነኝ። ደብዳቤሽን ራሴ አነበብሁት። አጠገቡ ስለተቀመጥሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እናቱ እጅሽን ትስማለች። ስሙን በትክክል ጽፈሻል። ልጄ መልካም ዜማ ያውቃል።

ትንሽ ትንሽ አረምኩ። አንድ የጎደለ ፊደል፣ አንድ ነጥብ። መጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ እርሳሴ ቆመ።

"የኔታ፣ እዚህ ላይ 'ያውቃል' ብለዋል። እንግሊዝኛው... 'ያውቅ ነበር' ነው መሆን ያለበት። ኃላፊ ጊዜ።"

"ኃላፊውን አውቀዋለሁ" አሉ። "አስተምረሽኛል። ተይው።"

"ስሕተት ነው ይላሉ፣ የሚያነቡት።"

"ይበሉ" አሉ የኔታ። "እኔ ቄስ ነኝ።"

እርሳሱን አስቀመጥኩ። ወረቀቱን አጣጥፈን ፖስታ ውስጥ ከተትነው፤ አድራሻውን ራሳቸው ጻፉ፣ እኔ ፊደል እየጠራሁላቸው። ከዚያ ዝናቡ ጋብ ሲል አብረን ወደ መንገዱ ወጣንና ወደ ጎንደር ለሚወርደው ሹፌር ሰጠነው።